ጠቋሚው ነው የሚዋሸው ወይስ ግፊቱ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የ1987 ፖርሽ 944 ተርቦ አለኝ። ኦሪጅናል ነው፣ ምንም አልተነካካም። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ የቡስት ጌጁ (ተርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋውን አየር ግፊት የሚያሳየው) አብዷል። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ስረግጥ አንዳንዴ 1.7 ባር ይደርሳል፣ አንዳንዴ 1.3 ላይ ይቀራል። ረጋ ብዬ ቀጥ ባለ መንገድ ስነዳ ደግሞ ድንገት 1 ላይ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። የመኪናው ጉልበት ግን ያው ነው የሚመስለኝ። አንዱ መካኒክ ዌስትጌቱ (የጭሱን ጋዝ ከተርቦው አሳልፎ ቡስቱን የሚገድበው በር) ነው አለኝ፣ ሌላው ተርቦው ነው አለኝ። የቱን ልቀይር?»

ለጊዜው ምንም አይቀይሩ። ብር ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር መለየት አለብን። የሚዘለው ግፊቱ ራሱ ነው ወይስ ግፊቱን የሚያሳየው መስመር? ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። እንዲህ ባሉ አሮጌ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት ጥፋት መስመሩ ላይ ነው። ቢሆንም በግምት አንፍረድ። መለየት ይቻላል፣ ያውም ብዙ ሳይፈታ።

ከራስዎ ቃል ልጀምር። «ጉልበቱ ያው ነው» ብለዋል። ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው። የዚህ መኪና ጌጅ የከባቢ አየሩን ግፊት ጨምሮ ነው የሚቆጥረው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት ጠቋሚው 1 ባር አካባቢ ይቆማል። ያኔ ተርቦው የጨመረው ምንም የለም። ፋብሪካው ለ220 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር የፈቀደው ጣሪያ 1.75 ነው። ከዚያ ላይ 1 ይቀንሱ። ተርቦው የሚጨምረው 0.75 ባር ብቻ ነው ማለት ነው።

አሁን የእርስዎን ቁጥሮች እንያቸው። ከ1.7 ወደ 1.3 ሲባል ትንሽ ይመስላል። ግን ቡስቱ ከ0.7 ወደ 0.3 ወረደ ማለት ነው፣ ከግማሽ በላይ ጠፋ። ይህን ያህል ሲጠፋ ሰው በጀርባው ያውቀዋል። መኪናው ይተኛል። ወንበሩ መግፋቱን ያቆማል። እርስዎ ይህ ካልተሰማዎት ግፊቱ አለ፣ የጠፋው ከሞተሩ እስከ ጠቋሚው ባለው መንገድ ላይ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬ ነው እንግዲህ፣ ገና አላረጋገጥንም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር፣ እንዳያሳስቱዎት። አንደኛ፣ በሙሉ ነዳጅ ወደ ላይኛው ዙር ሲጠጉ ጠቋሚው ቀስ እያለ ቢወርድ ያ የመኪናው ጠባይ ነው። ጫፍ ላይ ደርሶ ተስተካክሎ የሚወርድን ቡስት እንደ ብልሽት አይቁጠሩት። ሁለተኛ፣ ከፍ ያለ ቦታ የሚኖሩ ከሆነ ቁልፉን ሲከፍቱ 1 አያገኙም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር ገደማ ነው። ጠቋሚው እዚያ አካባቢ ቢቆም ልክ ነው። ከዚህ በታች «1» ስል በእርስዎ አካባቢ ያለውን የአየር ግፊት ማለቴ ነው።

ወደ መስመሩ እንግባ። በዚህ መኪና ጌጁ ራሱ ጋ የሚደርስ አየር የለም። ዙር መቁጠሪያው ታችኛው ክፍል ላይ ያለችው ትንሽ ጠቋሚ በኤሌክትሪክ ነው የምትሠራው። ግፊቱ ለሲሊንደሮቹ አየር ከሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልድ በቀጭን የጎማ ቱቦ ይነሳል። የሞተር ክፍሉን ግድግዳ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። በተሳፋሪው እግር በኩል፣ ከምንጣፉና ከጣውላው ሥር ወዳለው ኬኤልአር ወደሚባለው ኮምፒውተር ይደርሳል። ኬኤልአር የኖኪንግና የቡስት ተቆጣጣሪው ነው። ኖኪንግ የሚባለው ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ያለጊዜው ሲፈነዳ የሚሰማው ማንኳኳት ነው። የግፊት ሴንሰሩ ያለው በእሱ ሆድ ውስጥ ነው። ከእሱ ወጥቶ ወደ ጌጁ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። እንግዲህ መስመሩ ቱቦ፣ ሴንሰር፣ ሽቦ፣ ጌጅ ነው። ከአራቱ አንዱ ሲታመም ጠቋሚው ይዘላል፣ ተርቦው ግን ሥራውን ይሠራል።

አሁን የምነግርዎትን በደንብ ይያዙልኝ፣ ግማሹን ምርመራ የሚጨርሰው ይሄ ነው። የሚያፈስ ቱቦ ንባቡን ሁልጊዜ ወደ 1 ነው የሚጎትተው። ከሁለቱም አቅጣጫ። ሚኒሞ ላይ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ቫኪዩም ነው፣ ስለዚህ ጠቋሚው ከ1 በደንብ ወርዶ መቀመጥ አለበት። ቱቦው ቀዳዳ ካለው የውጭ አየር ይገባበትና ጠቋሚው ከሚገባው በላይ ወደ 1 ይጠጋል። ቡስት ላይ ደግሞ አየሩ በዚያው ቀዳዳ ይወጣል። 1.7 መሆን የነበረበት 1.3 ይሆናል። የማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው የኤሌክትሪክ መስመር) ችግር ወይም የላላ ሽቦ ግን እንዲህ አያደርግም። እሱ ንባቡን በአንድ አቅጣጫ ይገፋዋል፣ ወይም ጭራሽ ይቆርጠዋል። ሲቆረጥ ጠቋሚው 1 ላይ አይቆምም። ቁልፉ ተዘግቶ ወደሚያርፍበት ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬውኑ መኪናው ውስጥ ይቀመጡና ቁልፉ ሲዘጋ ጠቋሚው የት እንደሚያርፍ፣ ሲከፈት የት እንደሚቆም አይተው ይጻፉት። ከዚያ በኋላ ሲዘል የሄደው ወደየትኛው ነው?

እርስዎ «ድንገት 1 ላይ ይሄዳል» ብለዋል። ረጋ ብለው በሚነዱበት ጊዜ ነዳጅ መስጫውን የሚነኩት በትንሹ ነው። ያኔ ጠቋሚው ከ1 በታች ነው የሚሆነው። እንግዲህ ወረደ ሳይሆን ወደ 1 ወጣ ማለት ነው። ነዳጅ ሲረግጡ ደግሞ ወደ 1 ተጎትቶ 1.3 ላይ ቀረ። ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ነው የሚያመለክቱት። የእኔ ቀዳሚ ተጠርጣሪ ያቺ ቀጭን ቱቦ ናት። ወይም ኬኤልአሩ ውስጥ ያለችው አጭር የጎማ ቁራጭ ናት። ሴንሰሩን ከውጪው መግቢያ ጋር የምታገናኘው እሷ ናት፣ ከዕድሜ ብዛት ትሰነጠቃለች።

ቱቦውን ዐይቶ ማለፍ አይበቃም። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ተሸውጄበታለሁ። የአንድ ደንበኛዬ መኪና እንዲሁ ይዘል ነበር። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመብራት አየሁት፣ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ ደህና። ዌስትጌቱን ፈትቼ ግማሽ ቀን አጠፋሁ፣ ምንም አላገኘሁም። መጨረሻ ላይ ቱቦውን ከማኒፎልዱ አጠገብ ይዤ በአውራ ጣቴ አጠፍኩት። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ እንደ አፍ ተከፈተች። ስለቀው ተዘጋች። ቀጥ ብሎ ሲተኛ አየር አያስገባም። ሞተሩ ሲሞቅና ሲነቃነቅ ግን ይከፈታል። ለዚህ ነው ብልሽቱ አንዳንዴ የሚታየውና አንዳንዴ የሚጠፋው።

ስለዚህ ቱቦውን ይጠፉት፣ ይጭመቁት፣ ጫፎቹን በጣትዎ ያዙሩ። ጫፉ በእጅ የሚዞር ከሆነ ላልቷል። እንደ ፕላስቲክ ድርቅ ካለ ጊዜው አልፏል። በተቃራኒው ለስልሶ እንደ ማስቲካ ከሆነ ዘይት በልቶታል። ነቅለው ጫፉ ላይ ነጭ ሶፍት ይጫኑ። ዘይት ካወጣ ያ ዘይት ወደ ሴንሰሩም ሊሄድ ይችላልና ቶሎ መስመሩን ያጽዱ፣ ከየት እንደመጣም ይፈልጉ። የዚህ መኪና ሞተር ማኒፎልድ ሥር የተደበቁ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ዕድሜያቸው አንድ ነው። አንዱ ከተሰነጠቀ ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው፣ ማኒፎልዱ የተፈታ ቀን ሁሉንም በአንድ ላይ መቀየር ይሻላል። ሲቀይሩ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ይግዙ። ቀጭን ሲሊኮን ያምራል፣ ግን ቫኪዩም ሲስበው ይጣበቅና መስመሩን ይዘጋል። ያኔ አዲስ ቱቦ ገጥመው አዲስ ብልሽት ይጀምራል።

ዐይንና ጣት ካልጨረሱት የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ይዋሱ። የራሱ ጌጅ ያለው ይሁን። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ለዚህ ሥራ አላውቅም። ቱቦውን ከማኒፎልዱ በኩል ነቅለው ፓምፑን እዚያ ይግጠሙ። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይከፈት። 0.4 ባር ይሳቡ። የመኪናው ጠቋሚ በዚያው ልክ መውረድ አለበት። አንድ ደቂቃ ይጠብቁ።

የፓምፑ ጌጅም የመኪናው ጠቋሚም ቀስ ብለው አብረው ወደ ቦታቸው ከተመለሱ አየር እየገባ ነው። ያኔ ፓምፑን ወደ ኬኤልአሩ ጫፍ ያዛውሩና ይድገሙት። እዚያ ከያዘ ጥፋቱ ቱቦው ላይ ነው። እዚያም ካፈሰሰ ጥፋቱ ሣጥኑ ውስጥ ነው። የፓምፑ ጌጅ ንቅንቅ ሳይል የመኪናው ጠቋሚ ከዘለለ ደግሞ የአየር ጉዳይ አልቋል፣ ወደ ኤሌክትሪኩ ይሂዱ። ፓምፑ መግፋትም የሚችል ከሆነ እስከ 0.7 ባር ገፍተው ያንኑ ይሞክሩ፤ አንዳንድ ስንጥቅ ሲሳብ ይዘጋል፣ ሲገፋ ነው የሚከፈተው። ከዚያ በላይ አይግፉ፣ ሴንሰሩን ያሳዝኑታል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ከሆነ፣ ፓምፑ እንደተገጠመ ግፊቱን ይዘው የፊት መብራቱን ያብሩ። የአየር ማራገቢያውን በመጨረሻው ፍጥነት ይክፈቱ። ፍሬን ይርገጡ። በእያንዳንዱ ጊዜ ጠቋሚው ከተነቃነቀ ማሳው ደካማ ነው። ቴስተርዎን በቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የዳሽቦርዱ ማሳ ላይ ያድርጉ፣ ሁሉም ነገር እየበራ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ የማሳውን ቦሎን ፈትተው በብራሽ እስኪያብረቀርቅ ያጽዱ። የኬኤልአሩንም ማሳ እንዲሁ። የሣጥኑን ሶኬት ነቅለው ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ያጥቡት። እግር ማሳረፊያው ሥር ውሃ ይሰበሰባል፣ ምንጣፉ እርጥብ ከሆነ ሣጥኑ ራሱ አደጋ ላይ ነው። ሣጥኑን በጣትዎ ቀስ ብለው መታ መታ ሲያደርጉት ጠቋሚው ከዘለለ ውስጥ ያለ ብየዳ ተሰንጥቋል። ይህን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ይሥራው።

ዳሽቦርዱን መፍታት ከመጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በ1987 ለአሜሪካ ገበያ የወጣው 944 ተርቦ ለሾፌሩም ለተሳፋሪውም ኤርባግ ከፋብሪካው ይዞ ነው የመጣው። መኪናዎ የዚያ ዓይነት ከሆነ ባትሪውን ሳይነቅሉና ጥቂት ሳይጠብቁ እጅዎን እዚያ አካባቢ አያስገቡ።

አሁን ስለ ሁለተኛው ምስክር። ፓምፑ ሁሉንም ነገር ደህና ነው ቢልም ባይልም፣ ይህን ሳያደርጉ አይለፉ። ቀላል ሜካኒካል የቡስት ጌጅ ያግኙ። ማኒፎልዱ አጠገብ በቲ መገጣጠሚያ ይክፈሉት፣ ቱቦውን ከኮፋኖው የኋላ ጠርዝ አውጥተው በመስኮት ያስገቡ። ከሚሞቅና ከሚሽከረከር ነገር አርቀው በማሰሪያ ይሰሩት። አጠገብዎ ሰው ይቀመጥና ሁለቱን ጌጆች በአንድ ላይ በስልክ ይቅረጽ። እርስዎ መንገዱን ብቻ ይዩ። ባዶና ለዚህ የሚሆን ቦታ ላይ ያድርጉት። የተገዛው ጌጅ ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ የከባቢ አየርን አይቆጥርም። እሱ 0.7 ሲል የመኪናው ጌጅ 1.7 ማለት አለበት። ማታ ቪዲዮውን ቀስ አድርገው ይዩት። ሜካኒካሉ ጸጥ ብሎ ወጥቶ የመኪናው ብቻውን ከዘለለ ዌስትጌቱም ተርቦውም ነጻ ወጡ።

ይህን አጥብቄ የምነግርዎት ለጌጁ ብዬ ብቻ አይደለም። ኬኤልአሩ ቡስቱ ጣሪያውን ሲያልፍ የሚያውቀው በዚያው ሴንሰር ነው። ሞተሩን ከአደጋ የሚጠብቀውም በዚያው ንባብ ተመርኩዞ ነው። ቱቦው አፍስሶ 1.3 ካሳየው 1.3 ነው ብሎ ያምናል። ማኒፎልዱ ውስጥ ግን 1.7 ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ጠባቂው ታወረ ማለት ነው። ብዙ ሰው «ጌጅ ነው፣ ምን ያመጣል» ብሎ ለወራት ይነዳል። ከዚያ አንድ ቀን የቴስታታው ጉዋርኒሲዮን (ከሲሊንደሮቹ ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ) ይሄዳል ወይም ፒስተን ይቀልጣል። ስለዚህ እስኪጣራ ድረስ፣ ከሙከራው በቀር፣ በሙሉ ነዳጅ አይርገጡ። ረጋ ብሎ መንዳት ምንም አይጎዳም። በሙከራው ላይ ሁለተኛው ጌጅ ከ0.8 ካለፈ ወዲያው እግርዎን ያንሱ።

ሁለቱ ጌጆች አብረው ከዘለሉ ግን መካኒኮቹ የተናገሩት ሰፈር ውስጥ ነን። ያኔም ተርቦው የመጀመሪያው አይደለም። የሚያረጅ ተርቦ ብዙ ጊዜ በጭስ፣ በዘይትና በጩኸት ነው የሚታወቀው፣ ጠቋሚ በማዝለል አይደለም። በቅድሚያ ከተርቦው እስከ ማኒፎልዱ ያሉትን ወፋፍራም ማኒኮቶዎች (የጎማ ቱቦዎች) እና ፋሸታዎች (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበቶች) ይመልከቱ። የተርቦውን የአየር መግቢያ ከድነው በኮምፕሬሰር 0.5 ባር ያህል ያስገቡና መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ይርጩ። የሚያፈስበት ቦታ ላይ አረፋው ይነፋል። ቀጥሎ ነዳጅ ሲለቀቅ ግፊቱን ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቫልቭ ይፈትሹ፣ ዲያፍራሙ ሲቀደድ ቡስቱ በዚያ ያመልጣል። ከዚያ ወደ ዌስትጌቱ የሚሄዱት ቱቦዎችና መሀል ላይ ያለው በኤሌክትሪክ የሚከፈት የሚዘጋው ቫልቭ ይታያል። እሱ ሲቆሽሽ ይይዛል፣ ዌስትጌቱም አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ይከፈታል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ኬኤልአሩ ኖኪንግ ከሰማ ቡስቱን ራሱ ይቀንሳል። ነዳጁ ደካማ ከሆነ ወይም ሞተሩ ከሞቀ ያየነው መዝለል የተበላሸ ነገር ሳይሆን ኮምፒውተሩ ሞተሩን እያዳነ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ነዳጅ ሞልተው፣ ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ይሞክሩት። ልዩነት ካዩ ዌስትጌቱን ይተዉትና ወደ ነዳጁ፣ ወደ ካንዴላውና ወደ ኖኪንግ ሴንሰሩ ይዙሩ።

የሚኒሞው መንቀጥቀጥ ቀረ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 850 ዙር ሲዞር በሰከንድ 28 ጊዜ ገደማ አየር ይስባል። እያንዳንዱ ስበት በቱቦው ውስጥ እንደ ልብ ምት ይመታል። ሜካኒካል ጌጅ ይህን ስለሚያሳይ ቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያላት ማርገቢያ ይገባበታል። የእርስዎ ጌጅ ግን በኤሌክትሪክ ነው፣ እንዲህ መንቀጥቀጥ የለበትም። ሁለተኛው ጌጅ ያለማቋረጥ በእኩል ምት ከተንቀጠቀጠ ያ የሞተሩ ምት ነው፣ ይተዉት። በመሀል በመሀል እየዘለለ ጭርፍ የሚል ከሆነ ግን አንዱ ሲሊንደር ስቷል። ካንዴላዎቹን ያውጡና ቀለማቸውን ጎን ለጎን ያስተያዩ። ሁለተኛው ጸጥ ብሎ የመኪናው ብቻ ከተንቀጠቀጠ ተመልሰን ወደ ማሳው ነው።

በቅድሚያ ቱቦውን፣ ቀጥሎ ፓምፑን፣ ከዚያ ሁለተኛውን ጌጅ ይሞክሩ። ሲጨርሱ አራት ቁጥር ይላኩልኝ፦ ቁልፉ ሲከፈት፣ በሙቅ ሞተር ሚኒሞ ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ላይ የመኪናው ጌጅ ያለውን፣ እና በዚያችው ቅጽበት ሜካኒካሉ ያለውን። በእነዚያ ቁጥሮች ላይ ተመሥርተን ቀጣዩን እንወስናለን።